የጣውላውን መንገድ ለተማሪዎቻችን ክፈቱልን፦ ለረግረጋችን ተመራማሪዎችና ፈቃድ ለሰጧቸው መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የምርምር ጣቢያው ኃላፊዎችና ተመራማሪዎች፣
ለተከበራችሁ ለዚህ ሥራ ፈቃድ የሰጣችሁ መሥሪያ ቤቶች፣

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከካፋ ዞን፣ ከቦንጋ ከተማ ራቅ ብላ ከምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ ነው። የቀበሌዋንም የትምህርት ቤቱንም ስም አልጠራም። ልጆቹ እንዳይታወቁ ብለን ከወላጆች ጋር የተስማማንበት ጉዳይ ነው። እናንተ ግን በደንብ ታውቁናላችሁ። መኪናችሁን የምታቆሙት ከትምህርት ቤታችን አጥር ሥር፣ ከሾላው ዛፍ አጠገብ ነው።

ወደ አደባባይ ከመውጣታችን በፊት በአካል አመልክተናል። ኅዳር ላይ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሦስት ሰዎች ሆነን ጽሕፈት ቤታችሁ ድረስ ሄድን፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ታኅሣሥ ላይ በጽሑፍ አስገባን። ገቢ ተብሎ ማኅተም የተመታበት ቅጂ እጃችን ላይ አለ፤ መልሱ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ጥር ላይ አንድ ወጣት ሠራተኛችሁን መንገድ ላይ አግኝተን ብንጠይቀው ጉዳዩ ከእኛ በላይ ነው አለን። ከእናንተ በላይ ያለው ማን እንደሆነ አናውቅም። ስለዚህ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ጻፍን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀበሌያችንን ረግረጉ ለሁለት ይከፍላታል። ትምህርት ቤቱ ከወዲህ ነው፣ ከማዶ ደግሞ ሦስት ጎጦች አሉ። የማዶ ልጆች አባቶቻቸው ባነጠፉት ግንድ ላይ እየተሻገሩ ነበር የሚማሩት። እኔ ወደዚህ ተመድቤ ከመጣሁ 11 ዓመቴ ነው፤ ግንዱ ግን ከእኔም ከትምህርት ቤቱም በፊት የነበረ ነው። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ የማዶ ሰዎች በደቦ ይወጡና የበሰበሰውን በአዲስ ይተኩታል። በዚያ መንገድ ከመጨረሻው ቤት እስከ መማሪያ ክፍል 25 ደቂቃ ነው።

ባለፈው ጳጉሜን ግንዱ ተነሣ። ጥበቃዎቻችሁ በሁለት ቀን ጨረሱት። የተነገረን ምክንያት መሻገሪያው በመለኪያ ቦታችሁ መሃል ያልፋል፣ የሰው እግር ልኬቱን ያበላሻል የሚል ነው። አንድም ወላጅ አስቀድሞ አልተጠየቀም። የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ የሰማው ግንዱ ተነሥቶ ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን ልጆቹ በላይኛው መንገድ ይዞራሉ። የጫካውን ጥግ ይዘው ወጥተው፣ ወንዙን በድልድዩ ተሻግረው፣ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳሉ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል። ደርሶ መልስ ከሦስት ሰዓት በላይ ማለት ነው፣ ያውም ለ7 ዓመት ልጅ። የካፋን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ መጋቢት ላይ ይይዛል፣ ጥቅምት ሳይደርስም አይለቅም። ደረቅ የምንለው ወቅት ሦስት አራት ወር ቢሆን ነው።

ከግንዱ ቦታ አርባ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ እናንተ ያሠራችሁት የጣውላ መንገድ አለ። ከዳር እስከ ዳር ይሻገራል። ጠንካራ ነው፣ መደገፊያም አለው። በሁለቱም ጫፍ በር ተሠርቶለታል፤ በሮቹም በቁልፍ የተዘጉ ናቸው። የማዶ ልጆች በየቀኑ ጠዋት ከዚያ በር ፊት ያልፉና ሽቅብ ይወጣሉ።

እኔ ራሴ የሳይንስ መምህር ስለሆንኩ የምርምራችሁ ጥቅም ይገባኛል። ልኬቱ ለምን እንደሚበላሽም ከእናንተው አንዱ ባልደረባ፣ ትዕግሥተኛ ልጅ ነው፣ አንድ ቀን ወስዶ አሳይቶኛል። ረግረጉ ሥር ያለው ተራ አፈር አይደለም። ለብዙ ሺህ ዓመታት የወደቀ ሥርና ቅጠል ውሃ ውስጥ ተቀብሮ፣ አየር ስለማያገኝ በደንብ ሳይበሰብስ የተከማቸ ነው። ፒት ይባላል። ሲረግጡት እንደ ስፖንጅ ይሰምጥና ውስጡ የታመቀው ጋዝ፣ በተለይ ሚቴኑ፣ በአረፋ ይወጣል። አጠገቡ ጋዝ የሚለካ ሳጥን ካለ ረግረጉ በራሱ ያወጣውንና እግር ያስወጣውን መለየት አይቻልም። ይሄ እውነት ነው፤ ለወላጆችም በካፊኖኖ አስተርጉሜ አስረድቻቸዋለሁ፣ ተቀብለውታልም።

ግን ጣውላው የተሠራው እኮ ለዚሁ ነው። የሰው እግር ፒቱን እንዳይረግጥ። እናንተ ከነጫማችሁና ከነዕቃችሁ በላዩ ላይ ትሄዳላችሁ። 25 ኪሎ የማይሞላ ልጅ በዚያው ጣውላ ላይ ቢያልፍ ምን ይበላሻል? ሰዓቱም ቢሆን አይጋጭም። የእናንተ መኪና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት መጥቶ አያውቅም። ልጆቹ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ አልፈው ያልቃሉ። ማታም እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የማናውቀው የሳይንስ ምክንያት ካለ ንገሩን፤ እንሰማለን። እስከ ዛሬ ግን የነገረን የለም።

በዚህ ውሳኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። ጥቅምት ላይ አንዲት የ5ኛ ክፍል ተማሪ ረፍዶባት ስለነበር ግንዱ በነበረበት ልሻገር ብላ ገባች። ግንዱ የለም፤ ከላይ ግን ቄጠማው ሸፍኖት መሬት ይመስላል። እስከ ደረቷ ሰመጠች። አብሯት የነበረው ታናሽ ወንድሟ 3ኛ ክፍል ነው። እንደ ትልቅ ሰው አስቦ ወደ እሷ አልገባም፤ እየጮኸ ሮጠ። ቄጠማ ያጭዱ የነበሩ አንድ አባት ደርሰው በከብት ማሰሪያ ገመድ ጎትተው አወጧት። ደብተሮቿ እዚያው ቀሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣችም። ስትመለስ ከፊት ወንበር ተነሥታ ግድግዳው ጥግ መቀመጥ ጀመረች፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው የምትቀመጠው። ያ ገመድ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ነበር የምጽፈው።

የ8ኛ ክፍሎቹ ደግሞ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ይፈተናሉ። የማዶዎቹ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ግማሽ ያህል ሳያገኙ ነው የሚውሉት፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደግሞ አብዛኛውን ቀን ሒሳብ ነው። ርጥብ ልብስ ለብሰው፣ በኮንጎ ጫማቸው ውስጥ ጭቃ ይዘው ይገቡና የሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መምህር ሲያስተምር ያንቀላፋሉ። የሚያንቀላፋ ልጅ መቅጣት ትቼያለሁ። ሴቶቹ መቅረት የጀመሩት ከወንዶቹ ቀድመው ነው። ምክንያቱን እናቶች ፊት ለፊት ነገሩኝ፤ ጫካው ጥግ ያለው መንገድ ጭር ያለ ነው፣ ሴት ልጅ ብቻዋን በዚያ ሰዓት አትላክም። ምን ብዬ ልመልስላቸው? እኔም ሴት ልጅ አለችኝ።

ይሄ ዋናው ነው። ግን ብቻውን የመጣ አይደለም፤ ከእሱ በፊት ያደሩ ነገሮች አሉ።

ከአራት ዓመት በፊት ሥራ ስትጀምሩ ዕቃ የሚሸከምላችሁ ሰው ፈለጋችሁ። አዋቂዎቹ ቡና ለቀማ ላይ ስለነበሩ ልጆቹን ወሰዳችሁ። በትምህርት ሰዓት። መሰርሰሪያውን፣ ቱቦውን፣ በጭቃ የተሞላውን ናሙና ከረግረጉ እስከ መኪናው የተሸከሙት የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ለትንንሾቹ ብስኩትና ከረሜላ፣ ለትልልቆቹ 50 ብር ተሰጣቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ ከአንድ ክፍል ዘጠኝ ልጅ የጎደለበት ጊዜ ነበር። ወንዶቹ ከዚያ በኋላ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር በመስኮት ማየት ለመዱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ልጅ ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራ እንዲሠራ እንዳይገደድም እንዳይፈቀድለትም ይላል። ይህን ለእናንተ ማስታወስ አልነበረብንም። ያኔ ዝም ያልነው እንግዳ ናቸው ብለን ነው። ጥፋቱ የእኛም ነበር።

ከዚያ የቱቦዎቹ ነገር መጣ። ረግረጉ ውስጥ የተከላችኋቸው ነጫጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች አሉ፤ የውኃውን ከፍታ ለመለካት እንደሆኑ ኋላ ነው የገባኝ። አንድ ጠዋት አራቱ ከቦታቸው ታጡ። ጥበቃችሁ ትምህርት ቤት መጣና ልጆቹ ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈው ሳለ አምስት ወንዶች ከሰልፉ አስወጥቶ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት፣ ሌቦች እያለ ጠየቃቸው። ርዕሰ መምህሩ ሊያስቆሙት ቢሞክሩም አልሰማቸውም። ከሦስት ቀን በኋላ ቱቦዎቹ ሣር ውስጥ ተሰባብረው ተገኙ፤ የከብት ኮቴ አድቅቋቸዋል። ይቅርታ የጠየቀ ሰው የለም። ከአምስቱ አንዱ እስከ ዛሬ ሰልፍ ላይ አይቆምም፤ ሰልፉ ሲያልቅ ጠብቆ ነው የሚገባው። እኔን በጣም የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ፣ እነዚያ ቱቦዎች ምን እንደሆኑ አስቀድሞ አንድ ሰው መጥቶ ለአሥር ደቂቃ ቢነግራቸው ኖሮ ከብቱን እያባረሩ የሚጠብቁላችሁ እነሱ ነበሩ። ከብት የሚጠብቁት ማን ሆነና!

ስለ ፎቶውም ልናገር። ባለፈው ዓመት ለሥልጠና ቦንጋ ሄጄ አንድ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተማሪዬን አየሁት። ትልቅ ፖስተር ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ መሰርሰሪያ ይዟል። ስሙ የለም፣ የእናቱም ፈቃድ የለም። እናቱ እንዲህ ያለ ፎቶ መኖሩን የሰሙት ከእኔ ነው። በዕለቱ ልጁ ክፍል ውስጥ መሆን ነበረበት፤ የስም መጥሪያዬ ላይ ቀሪ ብዬ ይዤዋለሁ።

አሁን ደግሞ ከልቤ ወደማይወጣው ነገር ልምጣ። ውጤቱ።

አራት ዓመት ቆፈራችሁ። ከረግረጋችን የወጣው ጭቃ በቱቦ ታሽጎ በመኪና ሄደ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ ውጭ አገር እንደሄደ ሰምተናል። ምን ተገኘበት? ለቀበሌው ሕዝብ አንድ ጊዜ እንኳ ስብሰባ ጠርታችሁ አልነገራችሁም። በአማርኛም በካፊኖኖም የተጻፈ አንድ ገጽ የለም። እኔ በራሴ ስፈልግ ስለ ረግረጋችን የተጻፈ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስልኬ ላይ አገኘሁ። የመጀመሪያዋን አንቀጽ ብቻ ነው የሚያስነብበው፤ ቀሪውን ለማንበብ በዶላር መክፈል ያስፈልጋል። በዚያች አንቀጽ ውስጥ የእኛ ቀበሌ ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ተጠቅሰናል፣ ረግረጉ ላይ ጫና ከሚፈጥሩ ነገሮች ጋር አብረን።

እና ለተማሪዎቼ ስለ ሌላ አገር ረግረግ ነው የማስተምራቸው፣ ስለ ራሳቸው የማውቀው ስለሌለኝ። ስለ ኮንጎ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች በኮንጎ ተፋሰስ መሃል፣ በሁለቱ ኮንጎዎች ድንበር ግራና ቀኝ፣ በጫካ የተሸፈነ 145,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ፒት እንዳለ ይፋ አደረጉ። በውስጡ 30 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን አለ ተባለ። ይሄ መላው ዓለም በነዳጅ፣ በጋዝና በድንጋይ ከሰል ሦስት ዓመት ያህል ከሚያወጣው ጋር ይቀራረባል። በ2022 ደግሞ ስፋቱ እንደገና ተሰልቶ 167,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ። ጥልቀቱ በአማካይ ሁለት ሜትር ገደማ ነው፣ ስድስት ሜትር የሚጠጋበትም ቦታ አለ። መከማቸት ከጀመረ 10 ሺህ ዓመት አልፏል። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ የጫማው ኮንጎ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ አገሩ ነው አልኩት፤ ከዚያ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ተነሥታ የእኛስ ስንት ሜትር ነው አለች።

መልስ አልነበረኝም። አራት ዓመት ሙሉ ከመስኮቷ ማዶ ሲለካ ያየችውን ነገር ነው የጠየቀችኝ።

ስለ ኢንዶኔዥያም ነገርኳቸው፣ ምክንያቱም ይሄኛው በቀጥታ እኛን ይነካል። በቦርኒዮ ደሴት፣ ማዕከላዊ ካሊማንታን በሚባለው ግዛት፣ የሱሃርቶ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ ሚሊዮን ሄክታር የሚያህል የፒት ጫካ ወደ ሩዝ እርሻ ለመለወጥ ወሰነ። ጫካው ተመነጠረ፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቦይ ተቆፈረ፣ ውኃው ወረደ። ሩዙ አልሆነም። የደረቀው ፒት ግን ነዳጅ ሆነ። በ1997 ድርቁ ሲመጣ ተቃጠለ። ፒት ሲቃጠል ከላይ ነበልባሉ ቢጠፋም ከሥር ለሳምንታት ይጨሳል፤ ውኃ ቢደፉበትም በቀላሉ አይጠፋም። በ2015 እንደገና ሆነ። በዚያን ዓመት በፓላንግካራያ ከተማ ጭሱ ሰማዩን ቢጫ አድርጎት ትምህርት ቤቶች ለሳምንታት ተዘጉ።

ይህን የነገርኳቸው እኛም ጋ ቦይ መቆፈር ስለተጀመረ ነው። ረግረጉ ዳር ላይ በበጋ በቆሎ የሚዘሩ ሰዎች አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ መሬት ስላነሳቸው ነው፣ ከረግረጉ ዳር የሚገኘው በቆሎ ደግሞ የደጋው ጎተራ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ የሚደርስ ነው። ባሕር ዛፍ የተከሉም አሉ። ቦዩ ሲጠልቅ ምን እንደሚመጣ እነዚህን ሰዎች ተቀምጦ ያስረዳቸው የለም። እናንተ ታውቃላችሁ። ቱቦዎቻችሁ ውኃው በየትኛው ወር ስንት እንደሚወርድ ይነግሯችኋል። ያንን ለአባትየው ብትነግሩት አንድ ሰው ሰማ ማለት ነው፣ ለልጁ ብትነግሩት ግን ማታ እሳት ዳር ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማል። እኛ ጋ ወሬ የሚጓዘው በልጆች ነው።

ልጆቹም ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ረግረጉ የቱ ጋ እንደሚንቀጠቀጥ፣ የቱ ጋ እንደሚሸከም፣ አልቅት የቱ ጋ እንደሚበዛ፣ የትኛው ሣር ዓመቱን ሙሉ ውኃ ባለበት ብቻ እንደሚበቅል ያውቃሉ። ከአያቶቻቸው የሰሙት ነው። የካፋ ጫካ እስከ ዛሬ የቆየው በውስጡ ሰው ስለኖረበት ነው፤ ቀፎ የሰቀለ፣ ቡናና ኮረሪማ የለቀመ፣ ይሄ የእገሌ ነው ብሎ ድንበሩን ያከበረ ሰው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ካፋን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ ሲመዘግብ የተመዘገበው ይሄው ሰው የኖረበት ጫካ ነው። ባዮስፌር ማለት ደግሞ ጥበቃ ብቻ አይደለም፤ ልማት አለበት፣ ምርምርና ትምህርትም አለበት። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 92 ላይ የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍና ሲፈጸም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ መደረግ አለበት ይላል። ግንዱ ሲነሣ የማንም ሐሳብ አልተጠየቀም።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ለብቻ የምለው አለኝ። ፈቃዱን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ። ፈቃዱ ላይ መሻገሪያ መዝጋት የሚል ነገር አለ? ካለ አሳዩን። ከሌለ ደግሞ ያለ ፈቃድ የተደረገ ነው ማለት ነው፣ ያስቆማችሁት ግን የለም። ስለ ትምህርት ማቋረጥ በየሦስት ወሩ ሪፖርት ትጠይቁናላችሁ፤ በታኅሣሱ ሪፖርት ላይ ምክንያቱን በግልጽ ጽፈን ልከናል። የመጣልን መልስ የወላጆችን ግንዛቤ አሳድጉ የሚል ነው። ወላጆቹ ግንዛቤ አላነሳቸውም። ያነሳቸው መንገድ ነው።

አሁን የምንጠይቀውን ልንገራችሁ። ብዙ አይደለም፣ አብዛኛውም ገንዘብ አይፈልግም።

የጣውላው መንገድ በትምህርት ቀናት ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ማታም ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል ለተማሪዎች ይከፈት። ቁልፉን የሚይዝ ሰው ከማዶ ወላጆች እንመርጣለን፤ ልጆቹን እየቆጠረ ያሻግራል፣ ከጣውላው የሚወርድ ካለም ተጠያቂው እሱ ይሆናል። ከፈለጋችሁ በጽሑፍ እንፈርማለን። ይሄ በምንም ምክንያት የማይሆን ከሆነ ከመለኪያ ቦታችሁ ውጭ የት መሻገሪያ መሥራት እንደምንችል በጂፒኤሳችሁ አሳዩን፤ ግንዱንም ጉልበቱንም እኛ እናመጣለን። ግንዱ የነበረበት ቦታ ደግሞ እስከዚያ ድረስ በሁለቱም ጫፍ ይታጠር፣ ሌላ ልጅ እንዳይሰምጥ። ይሄኛው ነገ ዛሬ የሚባል አይደለም።

በትምህርት ሰዓት ተማሪ ለሥራ እንዳይወሰድ ይሁን። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት። ሸክም ካላችሁ አዋቂ ቅጠሩ፣ በደንብ ክፈሉ፤ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሞልቷል። የልጆቻችን ፎቶ ወላጅ ሳይፈቅድ አይነሣ፤ የተለጠፈውም ይውረድ።

ያ ጥበቃ፣ ወይም አለቃው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ መጥቶ አምስቱን ልጆች ይቅርታ ይጠይቅ። የሰደባቸው በሰልፍ ፊት ስለሆነ ይቅርታውም እዚያው መሆን አለበት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እስከ ዛሬ ያገኛችሁትን ውጤት ደግሞ ከሰኔ በፊት መጥታችሁ ንገሩን፣ በአማርኛና በካፊኖኖ። የታተመ መጽሐፍ አንጠብቅም። ጥቁር ሰሌዳ አለን፣ ጠመኔ አለን። ረግረጉ ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ፣ ከታች ያለው ጭቃ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ውኃው እየወረደ ነው ወይስ አይደለም፣ ይህን ብቻ እንኳ ብትነግሩን ለብዙ ዓመት የሚበቃ ትምህርት ነው። ከተቻለ አንድ የዝናብ መለኪያና አንድ ቱቦ ለትምህርት ቤቱ ስጡን። ልጆቹ በየቀኑ ያነብባሉ፣ ይመዘግባሉ፤ እናንተ በማትኖሩባቸው ወራት የሚጎድላችሁን ልኬት ይሞሉላችኋል። የ7ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ እንዲህ ቢሰጥ እንዴት ደስ ባለኝ።

ያቺ ተማሪ ጥያቄዋን ደብተሯ ጀርባ ላይ ጽፋው አይቻለሁ። ስትመጡ እሷ ትጠይቃችኋለች፣ መልሱን ለእሷ ስጧት።

የመጀመሪያው ዝናብ መጋቢት ላይ ነው፤ ወር እንኳ አልቀረውም። መልሳችሁን ለርዕሰ መምህሩ ብታደርሱልን ወይም መኪናችሁን ሾላው ሥር ስታቆሙ ወደ ግቢ ብትገቡ ይበቃናል። በሩ ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የአጠቃላይ ሳይንስ መምህርና የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጸሐፊ፣
ስለ ማዶ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው

ካፋ ዞን
የካቲት 2017 ዓ.ም.